በአመዳይ ውስጥ ስለ ወደቁት ወታደሮች መታሰቢያ



ኢዮቤልዩ በኦሪቱ ሥርዓት የመመለስ ዓመት ነው። ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ ሃምሳኛው በደረሰ ጊዜ ቀንደ መለከት ይነፋል፤ የተሸጠው ነጻ ወጥቶ ወደ ወገኑ፥ ርስቱን ያጣውም ወደ ርስቱ ይመለሳል። ስለዚህ አንድ ደብር ኢዮቤልዩውን ሲያከብር በተመለሱት ደስ መሰኘት ብቻ ሳይሆን፥ ያልተመለሱት ወዴት አሉ? ብሎ መጠየቅም የበዓሉ ሥርዓት ነው። ደብሩን የተከሉት፥ ደንጊያውን የተሸከሙት፥ ማኅሌቱን የቆሙት አባቶች በተዝካራቸው ቀን በየስማቸው ይታሰባሉ። አሳቢ የሌላቸው ግን ብዙዎች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ከሀገራቸው ርቀው፥ ፍትሐት ሳይደረስላቸው፥ መቃብራቸው ሳይታወቅ የቀሩ ወታደሮች ይገኛሉ። የዛሬው ንግግር ስለ እነዚህ ነው፤ ይልቁንም በኅዳርና በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. በሰሜን ኮርያ፥ በቻንግጂን ሐይቅ ዙሪያ በውርጭና በእሳት መካከል ስለ ወደቁት ነው።

ይህ የሩቅ ሀገር ነገር ነው፤ በዚህ ደብር ዐጸድ ለምን ይነገራል? የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሥ። ኢትዮጵያውያን ወደዚህ ታሪክ የሚገቡበት በር አለ፤ እርሱም በስፍራው ይከፈታል።

በመጀመሪያ ስለ ክረምት ይነገር። ያገራችን ሰው ክረምት ሲባል ዝናሙን፥ ጭቃውንና የወንዙን ሙላት ያስባል፤ ወራቱም ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በኮርያ፥ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ግን ክረምት የሚባለው፥ ያገራችን ገበሬ በሬዎቹን በአውድማ ላይ እያዞረ እህሉን በሚያበራይበት በኅዳርና በታኅሣሥ የሚገባው፥ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ውሃው ደንጊያ የሚሆንበት የብርድ ወራት ነው። አማርኛም በዚህ በኩል ቃሉ ጥቂት ነው፤ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፥ እንደ ተነደፈ ጥጥ የሚበተነውንም፥ በወንዝ ላይ የሚረጋውንም ብዙ ጊዜ አንድ አድርጎ በረዶ ይለዋል። ግእዝ ግን በረድ፥ ሐመዳ፥ አስሐትያ እያለ ይለያል። በመጽሐፈ ሄኖክ የበረዱና የአመዳዩ ነገር በየራሱ ተነግሯል፤ ሠለስቱ ደቂቅም በእሳቱ መካከል ቆመው ፍጥረትን ሁሉ ለምስጋና ሲጠሩ ውርጩንና አመዳዩን አልተዉም። የቅኔ ተማሪ ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ያውቀዋል፤ በሥጋው ግን ቢበዛ በስሜን ወይም በጉና ራስ ላይ የሌሊት ውርጭ ቢመታው ነው። በቻንግጂን ሐይቅ ብርዱ ውሃ ከሚረጋበት ልክ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል፥ አንዳንድ ሌሊትም ከዚያ አልፎ ወደ ታች ወረደ።

ኮርያ በ1937 ዓ.ም. ጃፓን በተሸነፈች ጊዜ በ38ኛው የኬክሮስ መስመር ለሁለት ተከፈለች። ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦር መስመሩን ተሻግሮ ደቡቡን ወረረ፤ የተባበሩት መንግሥታትም ለደቡቡ ረዳት ጦር እንዲዘምት ቈረጡ። መስከረም 5 ቀን 1943 ዓ.ም. የጄኔራል ዳግላስ ማክአርተር ጦር በኢንቾን ወደብ ወርዶ የሰሜኑን ሠራዊት ወደ ኋላ መለሰው፤ ከዚያም እስከ ቻይና ወሰን ድረስ ሊከተለው ተነሣ። ወታደሮቹ ለልደት በዓል በቤታቸው ይሆናሉ የሚል ተስፋ ተነገረ። የመጨረሻ ነው የተባለው ያ ዘመቻ የተጀመረበት ቀን ኅዳር 15 ነበረ፤ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የነቢያት ጾም የሚገባበት ቀን ማለት ነው። ውጊያው፥ መውጣቱና ስደቱም ጾሙ ሳይፈታ አለቀ።

ኅዳር 18 ሌሊት፥ ኅዳር ጽዮን ሦስት ቀን ሲቀራት፥ ተራራው ሁሉ በመለከትና በፉጨት ድምፅ ተናወጠ። በሐይቁ ዙሪያ የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ጦር 30,000 ያህል ነው፤ የሚበልጠውም በሜጀር ጄኔራል ኦሊቨር ስሚዝ የሚታዘዘው የአሜሪካ 1ኛ ማሪን ክፍለ ጦር ሲሆን፥ ከ7ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር የመጣ ኃይል፥ የእንግሊዝ ኮማንዶዎችና የኮርያ ወታደሮችም ነበሩበት። በጄኔራል ሶንግ ሺሉን የሚታዘዘው የቻይና 9ኛ የሠራዊት ቡድን 120,000 ያህል ሰው ይዞ፥ ሌሊት እየተጓዘ ቀን በዱርና በመንደር እየተሸሸገ፥ ከአውሮፕላን ዓይን ተሰውሮ በዙሪያቸው ደርሶ ነበረ። አሜሪካውያኑ ሐይቁን ቾሲን ብለው ይጠሩታል፤ በእጃቸው የነበረው ካርታ የጃፓን ካርታ ስለ ነበረ ነው። የሀገሩ ሰው የሚጠራበት ስም ግን ቻንግጂን ነው፤ ሰው በወደቀበት ስፍራ ስም ላይ እንኳ ሁለት አፍ መኖሩ ያሳዝናል።

ከሐይቁ ምዕራብ ካለው ከዩዳምኒ መንደር እስከ ሁንግናም ወደብ 125 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ መንገዱም በገደል ጥግ የሚሄድ አንድ ጠባብ መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ብርዱ ራሱን የቻለ ጠላት ሆነ። የጠመንጃው ቅባት ረግቶ መሣሪያው አልተኩስ አለ። ለቁስለኛ በደም ሥር የሚሰጠው ፕላዝማ በጠርሙሱ ውስጥ ደንጊያ ሆነ፤ የቁስለኛ ረዳቶችም የሞርፊኑን መርፌ እንዳይረጋ በአፋቸው ይዘው ያሞቁት ነበር። ወታደሩ ሲሄድ ያላበው እግሩ፥ ሲቆም በጫማው ውስጥ ይረጋል፤ ጣቱም ይጠቍራል። ደሙ በውርጩ ረግቶ ቁስሉን ስለ ዘጋለት ከሞት የዳነም ሰው ነበረ። ከማሪኑ ክፍለ ጦር በጥይት ሳይሆን አብዛኛው በብርድ የተጐዳው ከ7,000 በላይ ነበር።

ስለዚያ ወገን እንዲህ ከተነገረ፥ ስለዚህኛው ወገን ዝም ማለት የክርስቲያን ሥራ አይሆንም። የቻይናው ሠራዊት የሚበልጠው ብርዱ ከማይከፋበት ከሀገሩ ምሥራቅ ተነሥቶ የመጣ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ክረምት የሚበቃ ልብስ ሳይታደል ስስ የጥጥ ልብስና የሸራ ጫማ አድርጎ ወደ ተራራው ወጣ። ጢስ ያሳየናል ብሎ እሳት አላነደደም፤ የረጋ ድንች እየቈረጠመ በጕድጓዱ ውስጥ ተኝቶ ጠበቀ። ከሠራዊቱ ወደ 29,000 የሚሆነው ከውጊያው ይልቅ በብርድና በራብ እንደ ተጐዳ የራሳቸው ታሪክ ጽፎታል። ጠመንጃቸውን ወደ መንገዱ እንዳነጣጠሩ፥ በተርታ እንደ ተኙ፥ ሳይነሡ ደርቀው የተገኙ ወታደሮች ነበሩ፤ ቻይና እስከ ዛሬ የበረዶ ሐውልት ጭፍራ እያለች ታስባቸዋለች። ተዝካር ለድል አድራጊው ብቻ የሚወጣ ድግስ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ከማኅበሩ ውጭ በቀሩ ነበር። ነገር ግን ሙታንን ማሰብ ለሰልፉ ማጨብጨብ አይደለም፤ የውጊያውን ምክንያት ትክክል ነው ብሎ መፍረድም አይደለም። እናቲቱ በሻንዶንግም ብትሆን በኦሃዮ፥ ማልቀሷ አንድ ነው።

ከሐይቁ በስተምሥራቅ የሆነው ነገር ከሁሉ ይከፋል። በዚያ ከ7ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር የመጡ ከ3,000 የሚበልጡ አሜሪካውያንና ኮርያውያን ነበሩ። አዛዡ ኮሎኔል አላን ማክሊን ኅዳር 20 በጥይት ተመትቶ በጠላት እጅ ገባ፤ በዚያም ሞተ። በእርሱ ስፍራ የቆመው የ32ኛው እግረኛ ሬጅመንት 1ኛ ሻለቃ አዛዥ ሌተናል ኮሎኔል ዶን ፌይዝ ነው። የዚህ ሰው የቤት ስም በእንግሊዝኛ እምነት ማለት ነው፤ ሰምና ወርቅ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ በላይ የተዘጋጀ ስም አይገኝም፤ ሆኖም በዚያ ሌሊት ለቅኔ የሚሆን ትርፍ ነገር አልነበረም። ኅዳር 22 ቀን ፌይዝ 600 ያህል ቁስለኞች በ30 ያህል ካሚዮን አስጭኖ ወደ ደቡብ ሊወጣ ተነሣ። ድልድዩ ፈርሷል፤ መንገዱ ተዘግቷል፤ ከኰረብታው ላይ ጥይት ይዘንማል። ፌይዝ መንገዱን የዘጉትን ለማስለቀቅ ሰው አስከትሎ ሲወጣ በቦምብ ቈሰለ፤ በካሚዮኑ ጋቢና ውስጥም ሞተ። ካሚዮኖቹ ቆሙ፤ ቁስለኞቹም በላያቸው ቀሩ። ሊሄድ የቻለው በሌሊት ወደ ረጋው ሐይቅ ወርዶ በበረዶው ላይ እየተንፏቀቀ ወደ ሃጋሩሪ አመለከተ። ከዚያ ሁሉ ሰው ቆሞ ለመዋጋት የቻለ 385 ብቻ ተገኘ።

በነጋታው ኦሊን ቢል የሚባል ሽማግሌ የማሪን መኰንን ከጥቂት ሰዎች ጋር ጂፕና መንሸራተቻ ይዞ ወደ በረዶው ወጣ፤ ከ300 የሚበልጡ ቁስለኞችንም እየለቀመ አመጣ። በዳር የነበሩት ቻይናውያን ወታደሮች ያዩት ነበር፤ የሚበልጠውንም ጊዜ ሳይተኵሱበት ቀሩ። ለምን እንደ ተዉት የጻፈ የለም። ስለ ጦርነቱ ከተጻፈው ሁሉ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ልብ የምትቀርበው ይህች ያልተተኰሰች ጥይት ናት።

የማሪኖቹ ጦር ከዩዳምኒ ወደ ሃጋሩሪ፥ ከሃጋሩሪ ወደ ኮቶሪ እየተዋጋ፥ ቁስለኛውን በመኪና፥ የሚችለውን ያህል ሬሳም በላዩ አስሮ እየጫነ ወረደ። ከኮቶሪ በታች ገደሉን የሚያሻግረው ድልድይ ተሰብሮ ስለ ነበረ፥ ስምንት የብረት ድልድይ ቁራጭ ከሰማይ በጃንጥላ ተጣለላቸው፤ ከዚያም ተገጥሞ ተሻገሩበት። ሬሳውን ሁሉ ግን ከዚያ ወዲያ መሸከም አልተቻለም። ኅዳር 29 ቀን 117 ሰዎች፥ አሜሪካዊውና እንግሊዛዊው ሳይለይ፥ እንደ ደንጊያ በጠነከረው መሬት በአንድ ጕድጓድ ተቀበሩ። የሚቀብሩት ሰዎች ያን ስፍራ ነገ ለጠላት እንደሚለቁት ያውቁ ነበር።

ከኮቶሪ ሊወጡ በተዘጋጁበት ሌሊት የበረዶው ማዕበል ጸጥ አለና በተራራው ራስ ላይ አንድ ኮከብ ታየ። ከዚያ ውጊያ የተረፉት ሰዎች ኋላ በ1975 ዓ.ም. ማኅበር ሲያቋቁሙ ምልክታቸው ያደረጉት ይህን ኮከብ ነው። ወራቱ የልደት ዋዜማ ስለ ሆነ፥ ሰባኪ ኮከቡን ከሰብአ ሰገል ኮከብ ጋር ሊያስተባብር ይቸኵል ይሆናል። ባይቸኵል መልካም ነው። ሰማይ ሲጠራ ኮከብ መታየቱ የተፈጥሮ ሥርዓት ነው፤ ያ ኮከብ ለቻይናዊውም ታይቷልና። ዋናው ነገር ቀና ብለው ማየታቸው ነው።

ታኅሣሥ 2 ቀን የመጨረሻዎቹ ወደ ባሕሩ ሜዳ ወረዱ። በሁንግናም ወደብ ግን ሌላ ሠራዊት ቆሞ ጠበቃቸው፤ ጠመንጃ የሌለው፥ ልጅ ያዘለ፥ ሽማግሌ የደገፈ፥ በብርዱ ላይ የሚንቀጠቀጥ የኮርያ ሕዝብ። ከእነርሱ መካከል ብዙዎች ክርስቲያኖች ነበሩ። መርከቦቹ ለወታደሩና ለመሣሪያው የመጡ ናቸው፤ ለሕዝቡ የታሰበ ነገር አልነበረም። ሕዩን ቦንግሐክ የሚባል ኮርያዊ ሐኪም ከአሜሪካዊው ኮሎኔል ኤድዋርድ ፎርኒ ጋር ሆኖ ጄኔራል ኤድዋርድ አልመንድን ደጋግሞ ለመነ፤ ልመናውም ተሰማ። በጠቅላላው 105,000 ያህል ወታደርና እስከ 98,000 የሚደርስ ሕዝብ በመርከብ ወጣ። ታኅሣሥ 15 ቀን የመጨረሻው መርከብ ሲለቅ ወደቡ በፈንጂ ፈረሰ። በወደቡ ላይ ልጁን በጭንቅንቁ ያጣ፥ ሚስቱን በዳር ያስቀረ ብዙ ነበረ፤ ወሰኑም ከዚያ ወዲያ ተዘግቶባቸው ኖረ።

ከመርከቦቹ አንዲቱ ሜረዲት ቪክቶሪ ትባል ነበር። ከሠራተኞቿ በቀር 12 መንገደኛ እንድትይዝ የተሠራች የዕቃ መርከብ ናት። ካፒቴኗ ሊዮናርድ ላሩ በወደቡ ዳር የቆመውን ሕዝብ በመነጽር አየና የሚችለውን ያህል እንዲያስገቡ አዘዘ፤ 14,000 ሰው ገባ። ሐኪም የለም፤ አስተርጓሚ የለም፤ በሆዷ የአውሮፕላን ነዳጅ ተጭኗል፤ ባሕሩም ፈንጂ ተዘርቶበታል። ሕዝቡ በዕቃ ማከማቻው ውስጥ እንደ ነዶ ተደርድሮ ቆሞ ሄደ። በመንገድ አምስት ልጆች ተወለዱ፤ አንድም ሰው አልሞተም። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በልደት በዓል ሰሞን ወደ ኮጄ ደሴት ደረሱ። ካፒቴኑ ከጥቂት ዓመት በኋላ ባሕሩን ትቶ ወደ ካቶሊካውያን የበነዲክቶስ ገዳም ገባ፤ ስሙም ወንድም ማሪኑስ ተባለ፤ በ1994 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስም በምንኵስና ኖረ። በዚያች መርከብ ከወጡት መካከል የአንድ ባልና ሚስት ልጅ ሙን ጄኢን ኋላ የደቡብ ኮርያ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በሰኔ 2009 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ በሄደ ጊዜም በቻንግጂን ሐይቅ ለተዋጉት በቆመው መታሰቢያ አበባ አኖረ።

አሁን ቀድሞ የተጠቀሰውን በር መክፈት ይገባል። በሐይቁ ምሥራቅ ውርጭ የበላው የፌይዝ ሻለቃ የ7ኛው ክፍለ ጦር፥ የ32ኛው ሬጅመንት እንደ ነበረ ተነግሯል። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ሳይሞላ፥ ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል፥ ከክብር ዘበኛ የተመረጠ የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር በሌተናል ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ መሪነት ፑሳን ወደብ ደረሰ። ስሙም በልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም በአባ ቃኘው ቃኘው ተባለ። ይህ ቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካ ጦር ጋር እንዲሰለፍ በተመደበ ጊዜ የገባው ወደ 7ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር፥ ወደዚያው ወደ 32ኛው ሬጅመንት ነው። ስለዚህ ከሸዋና ከጐጃም፥ ከወሎና ከሐረር የሄደው ወታደር ከእነዚያ ሙታን ባልንጀሮች ጋር በአንድ ግንባር ቆመ። አንደኛው ቃኘው ቀጥሎ የመጣውን የ1944 ዓ.ም. ክረምት በዚያው ሀገር አሳለፈ፤ በመጽሐፍ ሲነበብ የኖረው ሐመዳና አስሐትያም ያን ጊዜ በሥጋ ታወቀ። በዚህ ደብር የቃኘው ዘማች አባት ወይም አያት ያለው ሰው ቢኖር፥ የእነዚያን ነገር እንደ ባዕድ ነገር ሊሰማው አይችልም።

እስከ ጦርነቱ ማቆሚያ፥ እስከ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ድረስ ተራ በተራ ከዘመቱት የቃኘው ወታደሮች 121 ሞቱ፤ 536 ቈሰሉ። የተማረከ አንድም የለም። የሞተውንም ጓደኛ በስፍራው ጥሎ መመለስ አልነበረም፤ ሬሳውን ተሸክመው አወጡ። የማይጨውን ነገር የሚያውቅ ሰው ይህ ከምን እንደ መጣ አይጠይቅም፤ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተደረገው ውጊያ በኋላ አጥንታቸው በሜዳ የቀረ አባቶች ልጆች ነበሩና። የቃኘው ሙታን አጽማቸው ከኮርያ ወደ ሀገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል፤ ካህናትም በስመ ክርስትናቸው ሊያስቧቸው ይችላሉ። በኮርያም በቹንቾን ከተማ በ1960 ዓ.ም. መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በዚያው ዓመት በግንቦት ሄደው አይተውታል።

የሐይቁ ሙታን ነገር ግን እንዲህ ቶሎ አልተፈጸመም። በ1946 ዓ.ም. መጨረሻና በ1947 ዓ.ም. መጀመሪያ ሁለቱ ወገኖች ሬሳ ተለዋወጡ፤ ከ4,000 የሚበልጥ አጽም ከሰሜን ወጣ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ጸጥ ሆነ። ሐምሌ 20 ቀን 2010 ዓ.ም.፥ ጦርነቱ በቆመበት ዕለት ከ65 ዓመት በኋላ፥ ሰሜን ኮርያ 55 ሣጥን አጽም መለሰች፤ ከእነዚህም ብዙው ከሐይቁ ምሥራቅ የተለቀመ ነበረ። ሊቃውንት የአጥንቱን ዘር ከቤተ ዘመዱ ደም ጋር እያመሳከሩ ስም ያወጡለታል። በቤተ ክርስቲያን ልማድ ሙት ያለ ስሙ አይፈታም፤ እነዚህም ሰዎች በጥበባቸው የሚደክሙት ያንኑ ስም ፍለጋ ነው።

የዶን ፌይዝ አጽም ከዚያው ከሐይቁ ምሥራቅ ከተገኙት መካከል ታወቀ። በካሚዮኑ ውስጥ ከሞተ 62 ዓመት ካለፈ በኋላ፥ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. በአርሊንግተን የወታደሮች መቃብር በስሙ ተቀበረ። በዚያች ሌሊት ከኋላው በካሚዮኖቹ ላይ ከቀሩት ቁስለኞች ብዙዎቹ ገና አልተገኙም፤ ከመላው የኮርያ ጦርነት ያልተመለሱ አሜሪካውያንም ዛሬ ከ7,000 በላይ ናቸው። የቻይናውና የኮርያው ቍጥር ከዚህ እጅግ ይበልጣል።